የአዲስ አባል በጎ ፈቃድ፦ አመጣጡና ጠባዩ

አዲስ አበባ ባሉ የተወላጆች ማኅበራት አዘውትሮ የሚታይ፣ በወጉ ግን ያልተጠና አንድ ፍጥረት አለ፤ አዲስ አባል። ይህ ጥናት የሚመለከተው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች በሚሰባሰቡበት አዳራሽ የሚገኘውን ዝርያ ነው።

ዋና መለያው በጎ ፈቃደኛ መሆኑ ነው። መፍቀዱን ከሁሉ በኋላ የሚሰማው ግን እሱ ራሱ ነው። ሰብሳቢው «ለዚህ ሥራ ፈቃደኛ የሚሆን አለ?» ሲሉ ነባሮቹ በአንድ ጊዜ አንገታቸውን ወደ ስልካቸው ይደፋሉ፤ አንድ ጋሼ መነጽራቸውን መወልወል ይጀምራሉ። አዲሱ ደንቡን አያውቅምና ቀና ብሎ ሰብሳቢውን ያያል። «እንግዲህ ወንድማችን ፈቃደኛ ከሆነ…» ይባላል፤ ነገሩ ሳያልቅ ይጨበጨባል። ቃለ ጉባኤው ላይ «በራሱ ተነሣሽነት» ተብሎ ይሰፍራል። ይህን የሚጽፈውም እሱ ነው፤ ጸሐፊነቱን ትንሽ ቀደም ብሎ በዚሁ ዘዴ አግኝቶታል። መጠየቅማ ይብሳል፤ «መዋጮው እንዴት ነው የሚሰበሰበው?» ያለ ሰው ገንዘብ ያዥ ሆኖ ቤቱ ይገባል።

የነገሩን ሥር ሴባስቶፖል ላይ መፈለግ ያጓጓል። በ1860 ዓ.ም. የዐፄ ቴዎድሮስ ሠራዊት ያን ግዙፍ መድፍ ከደብረ ታቦር አንሥቶ፣ መንገድ እየጠረገ፣ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ጎትቷል። ግን አንቀበለውም። እዚያ ትእዛዝ ነበር፤ ማኅበር አያዝም፣ ያጨበጭባል እንጂ።

ይበልጥ የምትቀርበው የዜማ ትምህርት ቤቷ የጋይንቷ ቤተልሔም ናት። ድጓ ለማስመስከር ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ቁራሽ ይለምናል። እሱ ግን አንድ ቀን ተመስክሮለት ይሄዳል። ድጓ ያልቃል፤ የማኅበር ደብዳቤ አያልቅም።

ስኮትላንዳውያንም ከዚህ አላመለጡም። በአሜሪካ ቻርለስተን ከተማ የቅዱስ እንድርያስን ማኅበር ያቋቋሙት በ1729 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም አለ። ይህን ያህል ዘመን ወንበር የደረደረለት ማን እንደሆነ ለመገመት ምሁር መሆን አያሻም።

የእኛን የሚያከብደው የወረዳው አከፋፈል ነው። ጋይንት ላይና ታች ነው፤ እስቴ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሏል፤ ከስማዳም ሰዴ ሙጃ ወጥቷል። ሁሉም ኮሚቴው ውስጥ ሰው እንዲኖረው ይሻል፤ እንዲሠራ የሚሻው ግን የሌላው ሰው ነው። ለላይ ጋይንቷ ንፋስ መውጫ ተማሪዎች የተሰበሰበው መጽሐፍ በካርቶን ታሽጎ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ፣ አድራሻው ተጽፎበት ካለቀ በኋላ አንድ የስማዳዋ ወገዳ ሰው «የእኛስ ልጆች?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእስቴዋ መካነ ኢየሱስና የታች ጋይንቷ አርብ ገበያም ይከተላሉ። ፕላስተሩን በጥፍሩ ልጦ መጽሐፉን እንደገና የሚያካፍለው ማን እንደሆነ አንባቢ ያውቀዋል። ነባሮቹ በዚህ ጊዜ ሥራ አይፈቱም፤ «ከሥሩ አስቀምጠው፣ ይከብዳል» እያሉ ያማክራሉ። በጥናታችን እንደደረስንበት፣ አማካሪነት አዲስ አባል ሲያረጅ የሚያድግበት የመጨረሻው ደረጃ ነው። ወደዚያ የሚሻገረው ግን ሌላ አዲስ አባል ሲገባ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዘመድ አዝማዱን ሁሉ «ማኅበራችን እኮ እንደ ቤተሰብ ነው» እያለ ይጋብዛል።

በዓመቱ መጨረሻ የምስጋና ወረቀት ይሰጠዋል። ጽሑፉን ያረቀቀው፣ ከኪሱ አውጥቶ ያሳተመው (ደረሰኙ ገና አልተወራረደም)፣ ማኅተም የመታበትም እሱ ነው። ስሙ ሲጠራ በር ላይ መኪና ሲያስተናብር ስለነበር ምክትል ሰብሳቢው ወክለው ተቀበሉለት። ፎቶውም የእሳቸው ነው።