ቆሞ የሚያሸንፍ ፈረስ

የድሮዎቹ የቴክሳስ ከብት አርቢዎች ምን ያህል የዋሆች ነበሩ! ኳርተር ሆርስ የሚባለውን ፈረስ ሲያራቡ የሚያስጨንቃቸው ያመለጠ ወይፈን ይመልሳል ወይ፣ ሩብ ማይል (400 ሜትር ገደማ) ሽምጥ ሲጋልብ ማን ይደርስበታል፣ ማታ ልጅ ቢወጣበት ይታገሳል ወይ የሚለው ነበር። ማኅበራቸውን እ.ኤ.አ. በ1940 ፎርት ዎርዝ ላይ አቋቋሙ፤ በመዝገቡም ቁጥር 1ን በማግስቱ ዓመት በከተማዋ ትርኢት አንደኛ ለወጣው ድንጉላ ለዊምፒ ሰጡ። ትርኢቱ የሰቡ ከብቶች መታያ ነበር። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ያኔውኑ መጠርጠር ነበረብን።

ዛሬ ተመስገን ነው፣ ሥልጣኔ ገብቷል። «ሃልተር» በሚባለው ውድድር ኮርቻ የለም፣ ጋላቢ የለም። ፈረሱ በብር ያጌጠ ልባብ ተደርጎለት፣ ጠጉሩ እስኪያብለጨልጭ ተወልውሎ ይገባል፤ ጥቂት ይራመዳል፣ ትንሽ ሶምሶማ ይላል፣ ከዚያ ይቆማል። ዋናው ሙያ መቆሙ ነው። ደንቡ ሚዛናዊ አቋምን ያስቀድማል፤ ጡንቻ በቂ ከሆነ ይበቃል ይላል። ዳኞቹ ግን ደንቡን ከታች ወደ ላይ ሳያነቡት አልቀሩም። ዳሌው የተቆለለ፣ የኋላ እግሩ ቋንጃው ላይ መታጠፍ እስኪረሳ ቀጥ ያለ፣ ግማሽ ቶን የሚያልፍ ገላውን በአራት የቡና ሲኒ ላይ ያስቀመጡት የሚመስል ፈረስ ዋንጫ ይዞ ይወጣል። ያነክሳል? ምን ቸገረው፣ የሚሄድበት የለ! ከብት የሚለዩት፣ በውድድር በርሜል የሚዞሩት ዘመዶቹ አጠገቡ ቢቆሙ ሌላ ዝርያ ይመስላሉ፤ ምስኪኖች፣ ሥራ አበላሽቷቸዋል።

የዚህ ጥበብ አባት በ1968 የተወለደው ኢምፕሬሲቭ የተባለው ድንጉላ ነው። በ1974 በሃልተር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ባዝራ ያለው ሁሉ ወደ እሱ ጎረፈ። ጡንቻው ግን ምስጢር ነበረው። በ1992 ተመራማሪዎች ደረሱበት፤ በዘሩ የሚወረስ ጉድለት የጡንቻውን የሶዲየም መተላለፊያ በሚገባ እንዳይዘጋ ያደርገዋል። ጡንቻው ፈረሱ ቆሞም ሳለ ሥራ አይፈታም፤ ስለዚህ ይፈረጥማል። እነሆ፣ ሳይንቀሳቀስ ስፖርት የሚሠራ ፈረስ! በደሙ ፖታሲየም ከፍ ሲል ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል፤ መተንፈሻው ከተያዘ ይሞታል። ዳኛ ይህን ከየት ይይ? እሱ የሚያየው ጭኑን ነው።

ማኅበሩም ዝም አላለም። ከ2007 ጀምሮ ጉድለቱን ከአባትም ከእናትም የወረሰ ውርንጭላ አይመዘገብም። ጉድለቱ ከታወቀ አሥራ አምስት ዓመት ብቻ ነው የቆየው፤ መቼም በችኮላ አይታማም። ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ግን የምርመራ ውጤቱ ወረቀቱ ላይ ተጽፎለት ይመዘገባል፣ ይወዳደራል፣ ይወልዳል። ሐኪሙ ደግሞ ባለቤቱን ይመክራል፦ አልፋልፋ የሚባለውን መኖ አታብዛበት፣ ጦሙን አታውለው፣ ስትጋልበው ይዞህ ሊወድቅ እንደሚችል እወቅ። የመጨረሻዋ እንኳ ብዙ አታስጨንቅም፤ ይህን ፈረስ ለመጋለብ ብሎ የገዛው ማን አለና?