ብልሽት አይሰናበትም፣ ይዛወራል፦ አሮጌ ፒክአፕን በራስ እጅ ስለመጠገን የተካሄደ ጥናት

መግቢያና የጥናቱ ወሰን

አዲስ አበባ ውስጥ ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቶ ደጅ ላይ የቆመ አሮጌ ፒክአፕ ከሦስት በአንዱ ምክንያት ቆሟል። ወይ ተበላሽቷል፤ ወይ ባለቤቱ እንዳይበላሽ እያየው ነው፤ ወይ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ተጠግኗል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መካኒኮች በደንብ ስለሚያውቋቸው ይህ ጥናት ያተኮረው በሦስተኛው ላይ ነው።

ለናሙናነት የተመረጠው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠራው፣ 2,446 ሲሲ የናፍጣ ሞተር ያለው ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ምርጫው ከአድልዎ የጸዳ ነው፤ ሌላ ፒክአፕ የያዙ ሰዎችም ሲጠየቁ የሚያወሩት ስለ ሃይሉክስ በመሆኑ ናሙናውን ማስፋት አላስፈለገም። ሃይሉክስ እ.ኤ.አ. በ1968 ጃፓን ውስጥ መመረት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ነገር ሲባልለት ኖሯል፦ አይሞትም፤ ደግሞም ማንም ይሠራዋል።

አይሞትም የሚለውን የቢቢሲው ቶፕ ጊር እ.ኤ.አ. በ2003 ፈትኖታል። የ1988 ሞዴል የሆነ የናፍጣ ሃይሉክስ ባሕር ዋጠው፣ የሕንጻ ማፍረሻ ኳስ መታው፣ እሳት ተለቀቀበት፤ በመጨረሻም ሊፈርስ የተዘጋጀ ባለ 23 ፎቅ ሕንጻ አናት ላይ ተቀምጦ ከሕንጻው ጋር አብሮ ወረደ። ከፍርስራሹ ከወጣ በኋላ አዲስ መለዋወጫ ሳይገባለት፣ በተራ መፍቻ ተነካክቶ ተነሳ። ማንም ይሠራዋል የሚለው እምነት የጠነከረው ከዚህ በኋላ ይመስላል። ፊልሙን ያየ ባለመኪና ሁሉ መኪናው መነሳቱን ያስታውሳል፤ ያስነሱት ሰዎች የሠለጠኑ መካኒኮች መሆናቸውን የሚያስታውስ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ኪስም የራሱ ድርሻ አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። ከዚያ ወዲህ «ይቺን ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» የሚል ባለመኪና ሲናገር የሚሰማው እንጂ የሚያምነው ጠፍቷል። ስለዚህ ይጠግናል።

መሣሪያና መለዋወጫ

የመሣሪያው መጋዘን ከወንበሩ ጀርባ ነው። እዚያ የቀለም ቆርቆሮ ሲከፍት ጫፉ የተጣመመ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሽቦ፣ ፕላስተር፣ ለማሰሪያ የሚሆን የካላማዳሪ ቁራጭ፣ ለታኮ የሚሆን ድንጋይና የመፍቻ ስብስብ ይገኛል። ድንጋዩ ከሁሉም አስተማማኙ መሣሪያ ነው። የእጅ ፍሬኑ ቢሠራም ቦታውን አይለቅም።

የመፍቻው ስብስብ ግን ሰፋ ያለ ትንታኔ ይገባዋል። ቶዮታ አብዛኛውን ብሎን የሠራው በ10፣ በ12፣ በ14 እና በ17 ቁጥር መፍቻ እንዲፈታ ነው። ገበያ ላይ የሚገኘው ስብስብ ደግሞ 11 እና 13 ቁጥርንም ይጨምራል። ስብስቡ በተገዛ በጥቂት ወር ውስጥ 10 ቁጥር ሞተሩ ውስጥ ወድቃ ትቀራለች፣ 12 ቁጥር የት እንደገባች አይታወቅም፣ 14 ቁጥርን ጎረቤት ይዋሳል። 13 ቁጥር ብቻ እንዳብረቀረቀች ትኖራለች። የምትፈታው ብሎን ስለሌላት የሚያነሳት የለም፤ የሚያነሳት ስለሌለ አትጠፋም። አንድ ቀን ግን ሌላ ሲታጣ እሷ ትነሳለች። 13 ቁጥር የ12 ቁጥር ብሎን ላይ ገብታ ስትዞር ባለ ስድስት ማዕዘኑን ራስ ክብ ታደርገዋለች፤ ራሱ ክብ የሆነ ብሎን ደግሞ 12 ቁጥር ብትገኝም አይፈታም።

መለዋወጫ ሲያስፈልግ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ይወረዳል። ባለመኪናው የተበላሸውን ዕቃ ፈትቶ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ይሄዳል፤ አንድ ወጣት ከእጁ ይቀበለውና አገላብጦ አይቶት ወዴት እንደሚሄድ ሳይናገር ይሰወራል። ሲመለስ ሁለት ይዞ ነው፤ የትኛው የቀድሞው እንደሆነ ለመለየት ጥቂት ክርክር ያስፈልጋል። በአካባቢው በሰፊው ተቀባይነት ባገኘው አስተምህሮ መሠረት ከአዲስ ኮፒ የተፈታ ኦሪጅናል ይሻላል። ባለመኪናው ይህን ተቀብሎ ሌላ ሰው የጣለውን በደስታ ይገዛል።

ዋናው ግኝት

ብልሽት በራስ እጅ ጥገና አይጠፋም። አንድ ኃላፊ በሠራበት ክፍል ጥፋት ሲገኝበት ከሥራ ሳይሰናበት ወደ ሌላ ክፍል እንደሚላክ ሁሉ፣ ብልሽትም ይዛወራል እንጂ አይባረርም። አንዳንዴም የሚዛወረው በዕድገት ነው። ሦስት ማስረጃዎች ቀጥለው ቀርበዋል።

አንደኛው ዝውውር፦ ከራዲያተር ክዳን ወደ ጭስ ማውጫ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃ የሚፈላባት በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ራዲያተር ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያ በላይ ሞቆም የማይፈላው ክዳኑ አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥርበት ነው። የክዳኑ ሞላ ሲደክም ወይም ጎሚኒው ሲደርቅ ግፊቱ ያመልጣል፤ መኪናው የእንጦጦን ዳገት ሳያጋምስ ይፈላል። መድኃኒቱ አዲስ ክዳን ነው። ክዳን ግን ትንሽና ርካሽ ስለሆነች ማንም አይጠረጥራትም። የሚጠረጠረው ቴርሞስታቱ ነው፤ ባለመኪናው ፈትቶ ያወጣውና «ይሄ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው» ብሎ ጓሮ ይጥለዋል።

ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ቶሎ አይሞቅም። ያልሞቀ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ነዳጁን አሟልቶ አያቃጥልም፤ ጠዋት ጠዋት ነጭ ጭስ ያጨሳል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። ባለመኪናው የሄደውን ጉልበት ፍለጋ ወደ ናፍጣው ፖምፓ ያመራል። እዚያ የነዳጁን ልክ የምትወስን፣ እንዳትነካ የታሸገች አንዲት ብሎን አለች። ማሸጊያውን በፒንሳ ያነሳና ሩብ ዙር ያጠብቃታል።

አሁን ነገሩ የፊዚክስ ይሆናል። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ቀድሞም ያጠረው አየር እንጂ ናፍጣ አይደለም፤ ስለዚህ የተጨመረለት ናፍጣ ጉልበት መሆኑ ቀርቶ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ጭሱ ከሁሉ በፊት ይታያል፤ የቦሎው ነገርም ያጠራጥራል። ከአንዲት የደከመች ክዳን የተነሳው ጉዳይ በቴርሞስታትና በፖምፓ አልፎ መንግሥት ዘንድ ደርሷል። ክዳኗ እስካሁን አልተቀየረችም።

ሁለተኛው ዝውውር፦ ከባሌስትራ ወደ ፍሬን

ሃይሉክስ የተሠራው ወደ 10 ኩንታል እንዲጭን ታስቦ ነው። ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ፣ እያንዳንዱ 50 ኪሎ፣ ልክ 10 ኩንታል ይሆናል። ከሲሚንቶው ጋር የሚሳፈሩት ሦስት ግንበኞች፣ አካፋቸውና «እግረ መንገድህን» ተብሎ የተጫነው ፌሮ ግን በጭነት እንደማይቆጠሩ የጋራ ስምምነት አለ። በዚህ ስምምነት የማይገዛው ባሌስትራው ብቻ ነው፤ ቀስ በቀስ ይተኛል። ባለመኪናው ሁለት ቅጠል ያስጨምርለታል፤ መኪናው ከዚያ ወዲያ ባዶውንም ሆነ ተጭኖ ኋላውን ሰቅሎ ይሄዳል።

በብዙዎቹ ሃይሉክሶች ሥር በዘንግ ከኋላው አክሱል ጋር የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ አለ። የመኪናው ኋላ በጭነት ዝቅ ሲል ቫልቩ ለኋላ ጎማዎች ፍሬን ይጨምራል፤ ከፍ ሲል ይቀንሳል። የሚቀንሰውም ባዶ መኪና ድንገት ሲያዝ የኋላ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ነው። ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና ግን 10 ኩንታል ተሸክሞም ዝቅ አይልም፤ ቫልቩም መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያምናል። ጭነቱን የማቆሙ ሥራ በፊት ጎማዎች ላይ ይወድቃል፤ የፊት ሸራ በጥቂት ጊዜ ያልቃል፤ ባለመኪናው ሻጩን ይረግምና ሌላ ሸራ ይገዛል፤ እሱም ያልቃል። ዘንጉ ለአዲሱ ከፍታ የሚሆን ማስተካከያ አለው። የሚገኘው ግን ጭቃ ላይ ተጋድሞ ብቻ በሚደረስበት ቦታ ስለሆነ ህልውናው በሰፊው አይታወቅም።

ሦስተኛው ዝውውር፦ ከቺንጋ ወደ አምፖል

የዚህን ሞተር ቫልቮችና ፒስቶኖች በየሰዓታቸው የሚያስኬዳቸው የጎማ ቺንጋ ነው። በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ቴስታታ ይወርዳል፤ ወጪው ለትዳር ጓደኛ የሚነገረው ከእራት በኋላ ነው። አምራቹ ይህን አስቦ ዳሽቦርዱ ላይ ጊዜው ሲደርስ የምትበራ መብራት አኑሯል።

መብራቷ ስትበራ ባለመኪናዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። አንደኛው ቺንጋውን ይቀይራል። ሁለተኛው አምፖሉን ይነቅላል። በወጪም ሆነ በፍጥነት ሁለተኛው ዘዴ ወደር የለውም፤ መብራቷም ተመልሳ እንደማትበራ ተረጋግጧል። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ገመድ ቀደም ብሎ የተበጠሰበት ባለመኪና ደግሞ ከሁለቱም የተሻለ ዕድል አለው፤ መኪናው ስንት እንደሄደ ራሱም አያውቅም፣ ስለዚህ 100,000 አይሞላበትም።

በዚሁ ዘርፍ የካንዴሌታውን ጉዳይ መጥቀስ ይገባል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የናፍጣ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ካንዴሌታዎቹ መጋል አለባቸው። ይህን የሚሠራው አውቶማቲክ ሲሞት ባለመኪናው ከመሪው ሥር የቤት ደወል ቁልፍ ይገጥምና በእጁ እየተጫነ ያግላቸዋል። አራት ካንዴሌታ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር ይስባል፤ የደወል ቁልፍ የተሠራው እንግዳ ለማስገባት ነው። ሬሌ ካልተገጠመለት ከሞተሩ ቀድሞ የሚግለው ቁልፉ ነው። የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ጋቢናውን ሲሞላው ባለመኪናው «አሁን ሞቋል» ብሎ ሞተሪኖውን ይመታል። ብዙ ጊዜም ይነሳል።

ማኅበራዊው ገጽታ

ኮፈን የተከፈተበት መኪና ብቻውን አይቆይም። መጀመሪያ የሚደርሰው ጡረተኛው ጎረቤት ነው፤ «ምን ሆነብህ ልጄ?» ይላል፣ መልሱን ሳይሰማም ናፍጣው አየር ስቦ እንደሆነ ይነግረዋል። ሁለተኛው መጪ ያንን ሰምቶ ባትሪው ነው ይላል። ሦስተኛው የአጎቱ ልጅ ልክ እንዲህ ያለች መኪና እንደነበረችውና በመጨረሻ እንደሸጣት ይተርካል። የቤቱ ልጅ የስልክ መብራት እንዲይዝ ይታዘዛል፤ መብራቱ ከብሎኑ በቀር ሁሉንም ያሳያል። የቤቱ እመቤት በመስኮት ብቅ ብላ «አንተ፣ ለመካኒክ ብትሰጠው አይሻልም?» ትላለች። ይህ አስተያየት በቃለ ጉባኤ አይያዝም።

ወደ ማታ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ጥቂት ብሎኖች ግን ይተርፋሉ። የተረፉት ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ይገባሉ። ጣሳው ሲሞላ ባለመኪናው ይህን የሚተረጉመው ፋብሪካው ብሎን አብዝቶ እንደነበር አድርጎ ነው።

መካኒክ ዘንድ መሄድ አይቀርም። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ «ማነው የነካካው?» ይላል። ባለመኪናው ከአፍታ ዝምታ በኋላ ከእሱ በፊት የነበረውን መካኒክ ያማርራል። እንዲህ ያለ መካኒክ አልነበረም።

የመጨረሻው ምዕራፍ፦ ሽያጭ

የጥገናው ዘመን የሚያበቃው ደላላ ሲጠራ ነው። ደላላው መኪናውን ሲያሻሽጥ «ሞተሩ ያልተከፈተ፣ አንድ ሰው የያዘው፣ ንጹሕ» ይላል፤ ባለመኪናው ጎኑ ቆሞ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቃል። ሞተሩ ከመታየቱ በፊት ሞቆ እንዲጠብቅ ይደረጋል። ገዥው መካኒክ ይዞ ይመጣል፤ መካኒኩ የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጋዝ መኖር አለመኖሩን ያያል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ምንም አይልም። ዝምታው ከዋጋው ላይ ጥቂት ያስቀንሳል።

ገዥው ግን ልቡ ሸፍቷል። ራዲያተሩ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ክዳኗ ዙሪያ የደረቀውን የውሃ ምልክት በጣቱ ነካ ያደርግና ለመካኒኩ በሹክሹክታ ይነግረዋል፦ «ይቺማ የቴርሞስታት ነገር ናት። አንተንም አላስቸግርህም፤ ቅዳሜ ራሴ አወጣዋለሁ።»