ስታዲየሙ ይቆየን

ቦሌ ላይ በ2008 ዓ.ም. ግንባታው የተጀመረው የአደይ አበባ ስታዲየም ቶሎ ይለቅ እያሉ የሚነዘንዙ ሰዎች የሰው እንጀራ ለመዝጋት እየሠሩ እንደሆነ የገባቸው አይመስለኝም። 62 ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም አለቀ ማለት እኮ ብሔራዊ ቡድናችን አገሩ ላይ ሊጫወት ነው። አገሩ ላይ ከተጫወተ አውሮፕላን የለም፤ አውሮፕላን ከሌለ ልዑካን የለም፤ ልዑካን ከሌለ አበል የለም። አበል የሌለበት ድጋፍ ደግሞ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገውና፣ ጩኸት ብቻ ነው።

ኦክቶበር 2021 ደቡብ አፍሪካ ባሕር ዳር ድረስ መጥታ 3 ለ 1 ካሸነፈችን በኋላ (ቀኑን በፈረንጅ የምቆጥረው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽኑ ካፍ የሚቆጥረው በዚያ ስለሆነ ነው) ሜዳችን ደረጃውን አያሟላም ተባለ። ሕዝቡ አዘነ። አርቆ አሳቢው ግን ከቁም ሳጥን አናት ላይ ሻንጣውን አወረደ። በቀጣዩ ወር ጋናን “በሜዳችን” አስተናገድን፤ ሜዳችን ሶዌቶ የሚገኘው ኦርላንዶ ስታዲየም ነበር። ጁን 5 ቀን 2022 ሊሎንግዌ በሚገኘው ቢንጉ ስታዲየም የማላዊ እንግዳ ሆነን 2 ለ 1 ተሸነፍን። በአራተኛው ቀን እዚያው ሣር ላይ፣ አሁን አባወራ ሆነን፣ ግብጽን 2 ለ 0 ረታን። በአራት ቀን ከእንግድነት ወደ ባለቤትነት! ስንት ዓመት ተከራይቶ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ለሚጠብቅ አዲስ አበቤ ይህ ትንሽ ተስፋ አይደለም። ከዚያ ወዲህ “ቤታችን” ማፑቶ ሆነ፣ ኤል ጀዲዳ ሆነ፣ አቢጃን ሆነ፣ ካዛብላንካ ሆነ። ከቤቱ ሳይወጣ ይህን ያህል አገር ያየ ቡድን ካለ ቁጠሩልኝ።

ይህን ሁሉ ድካም አብሮ የሚደክመውን ተጓዥ ደጋፊ ግን የሚያመሰግነው የለም። እስቲ እኔ ላመስግነው።

ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ ከሩቅ ይለያል። ተጫዋቾቹ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ደፍተው ጥግ ሲይዙ እሱ መሃል ላይ ቆሟል። ቱታው አዲስ ነው፤ ጀርባው ላይ ኢትዮጵያ የሚል ተጽፎበታል፤ ዚፑ ግን እምብርት ጋ ሲደርስ አሻፈረኝ ብሏል። ከቱታው ሥር የተወለወለ ቆዳ ጫማ አድርጓል። የሚገፋው ትልቅ ሻንጣ በአንድ ጣት ይሄድለታል፤ ባዶ ነዋ። ባዶ ሻንጣ ለአገር ሲባል ድንበር ማሻገር ቀላል መሥዋዕትነት እንዳይመስላችሁ፤ ሲመለስ ያንኑ ሻንጣ የሚያነሱት ሁለት ሰዎች ናቸው።

የዚህ ሰውዬ ሥራው ምንድን ነው የምትሉ አላችሁ። ክፉዎች! ከልዑካኑ አንዱ መሪ ነው፤ ሁለተኛው የመሪው ምክትል ነው፤ ሦስተኛው አስተባባሪ ነው፤ አራተኛው አስተባባሪው የሚያስተባብረው ሰው ነው፤ እሱም ከጎደለ አስተባባሪው ሥራ ይፈታል። አማካይ ቢጎዳ ከተጠባባቂ ወንበር ይተካል፤ ምክትል መሪ ቢቀር ማን ይተካዋል? ቦታ ከጠበበ ወጌሻው ይቅር። ጉልበት እንደሆነ በጠበልም ይድናል።

ጨዋታው ሲጀመር ደግሞ ክብር ትሪቡን ላይ ተቀምጦ ስልኩን ወደ ራሱ ያዞራል። ኳሱ ከኋላው ነው፤ እሱ ከፊት ነው። ማታ በሚለቀው ፎቶ ላይ የማዕዘን ምት ሲሻማ ይታያል፤ ማን እንዳሻማው ግን በትከሻው ተሸፍኗል። ቢሸፈንስ? ተጫዋቹን በቴሌቪዥን አይታችሁታል፤ ልዑኩ መድረሱን ግን በምን ታውቁ ነበር?

ደረጃውን ያልጠበቀ ደጋፊም አለን፤ ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከፍቶ የሚኖረው ስደተኛ፤ አልክድም። ጃንዋሪ 2013፣ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ስንበቃ፣ ኔልስፕሩት ላይ ምቦምቤላ ስታዲየምን በአረንጓዴ ቢጫ ቀይ የሸፈነው እሱ ነው። ደብዳቤ የለው፣ ባጅ የለው፣ ማን እንደጋበዘው አይታወቅ። ከጆሃንስበርግ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በራሱ ነዳጅ ነድቶ ከች አለ። ሱቁን ዘግቶ! በሥራ ቀን ሱቅ ዘግቶ ዘጠና ደቂቃ ለመጮህ የሚሄድ ነጋዴ ሒሳብ የት ተማረ? እርግጥ ይህ ሰው ድሮም የጉዞ ሥርዓት አያውቅም። ስንቱ ወደዚያ አገር የገባው በሞያሌ ወጥቶ፣ ኬንያን፣ ታንዛኒያንና ማላዊን ገሚሱን በጭነት መኪና ሆድ ገሚሱን በእግሩ አቆራርጦ ነው፤ ያለ አንድ ቀን ውሎ አበል። ሊሎንግዌንም ቢሆን ከልዑካኑ ቀድሞ ያወቃት እሱ ነው፤ ልዑካኑ የሚያውቋት በሆቴሏ፣ እሱ በእስር ቤቷ።

ዛምቢያን ስንገጥም የሆነውን ደግሞ ዓለም አይቷል። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምቱን ሲስት ይህ ደጋፊ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው በቀይ ሲወጣ ቩቩዜላና ጠርሙስ ወደ ሜዳ ወረወረ። ነውር ነው፤ ልዑክ ቩቩዜላ አይወረውርም፤ ለልጆቹ ይዞ ይገባል። አዳነ ግርማ በ65ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርገን ይኸው ሰው የማያውቀውን ሰው አንገት አንቆ ያለቅሳል። ከዚያ ቡርኪናፋሶ 4 ለ 0 አደቀቀችን። ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ይበቃኛል ብሎ ሱቁን ይከፍት ነበር፤ እሱ ግን በአራተኛው ቀን ናይጄሪያን ለማየት ሩስተንበርግ ተገኘ። 2 ለ 0 ተሸነፍን። በማግስቱ ባዶ እጁን ሱቁን ከፈተ። ሪፖርት እንኳ አልጻፈም!

የልዑኩ ሪፖርት ግን ገና ቡድኑ ሳይሳፈር ከነአራት ነጥቡ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ “የተፈለገው ውጤት ባይመዘገብም ጠቃሚ ልምድ ተቀስሟል” ይላል፤ የቀረው የከተማውን ስም መሙላት ነው። እንደ ግብጹ ቀን ድንገት ካሸነፍን “በአመራሩ የቅርብ ክትትል” የሚለው ተለዋጭ ዓረፍተ ነገር ይገባል። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎል ያገቡት በእግራቸው የመሰላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል፤ በክትትል ነው።

ነቃፊዎች ሁልጊዜ 1962ን ይጠቅሳሉ። ካፍን በ1957 ከመሠረቱት አንዷ ኢትዮጵያ ናት፤ ከአምስት ዓመት በኋላም ዋንጫውን አዲስ አበባ ላይ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ ወስዳለች ይላሉ። እውነት ነው። ግን ምን ዋጋ አለው? እቤታቸው ደግሰው እቤታቸው በሉ፤ ማንም ሻንጣ ሳይሸክፍ ዋንጫው ቀረ። የአሁኑ ትውልድ ይሻላል። ኦክቶበር 2024 አቢጃን ላይ ጊኒ “አስተናግዳን” 4 ለ 1 አሸነፈች፤ በሦስተኛው ቀን እዚያው አቢጃን እኛ “አስተናግደናት” 3 ለ 0 አሸነፈች። ሁለት ቤት አልባዎች በሰው ሳሎን ተራ በተራ “ቤት ለእንግዳ” ተባባልን። ልክ በሳምንቱ፣ ኦክቶበር 22፣ የካፍ ጠቅላላ ጉባኤ የት ቢቀመጥ ጥሩ ነው? አዲስ አበባ። የእግር ኳስ ፕሬዚዳንቶች አዲስ አበባ መግባት ቻሉ፤ ያልቻለው እግር ኳሱ ነው። አዳራሻችን ደረጃውን ያሟላል፤ ወንበሩም ቡፌውም ያሟላል።

ደግሞም የአፍሪካ ዋንጫን እናዘጋጅ ብለን ጠይቀናል። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚል አሽሟጣጭ አይጠፋም። እኔ ችግሩ አይታየኝም። ጨዋታን በሰው ሜዳ ማስተናገድ ከለመድን ውድድሩን ጠቅልሎ በሰው አገር ማዘጋጀት ምን ያቅተናል? መክፈቻው ካዛብላንካ፣ ግማሽ ፍጻሜው ሊሎንግዌ፣ ፍጻሜው አቢጃን ይሁን። ሕዝቡ እንደለመደው መግቢያ ከፍሎ ዲኤስቲቪ ቤት ተጨናንቆ ያያል። አዘጋጅ ኮሚቴው፣ የአዘጋጅ ኮሚቴው አስተባባሪዎችና የአስተባባሪዎቹ ደጋፊዎች ግን ወር ሙሉ ውጭ መሰንበታቸው ነውና ፓስፖርታቸውን ከአሁኑ ያሳድሱ፤ ኢሚግሬሽን ሰልፉ ረጅም ነው። ለነገሩ የሚሰለፈው ተራ ደጋፊ ነው።