በቅሎና ወጠጤ

ሃያ ሁለት ዓመት በዋሽንግተን ጎዳናዎች ታክሲ ስነዳ ነዳጅና ፍሬን ሲረግጥ የኖረው ቀኝ ጉልበቴ አምና ከዳኝ። ሐኪሟ «መቀመጥ ይብሱን ያደርቀዋል፤ ለጥ ባለ ሜዳ ይራመዱ» አለችኝ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሰምቶ አንድ ቅዳሜ ማለዳ ወደ ግሬት ፎልስ ፏፏቴ ይዞኝ ወጣ፤ በሜሪላንድ በኩል ወዳለው። ስልኩን እያየ «መንገዱ አጭር ነው ጋሼ፣ ሁለት ማይል እንኳ አይሞላም» አለኝ። ርዝመቱን አየ፤ ስሙን ግን ልብ አላለውም። ቢሊ ጎት ይሉታል፣ ወጠጤ ፍየል ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው የሚያውቀውን ነው ያወጣው።

መጀመሪያው ደህና ነበር። ከዚያ መንገዱ አለቀና ድንጋይ ብቻ ሆነ። ወዴት እንደሚኬድ የሚያሳየው ቋጥኙ ላይ የተቀባ ሰማያዊ ምልክት ነው። አንዱ ዐለት ላይ ከዘራዬ ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ ስስበው ጫፉ ላይ ያለው ጎማ እዚያው ተቀርቅሮ ቀረ። ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ላብ አጠመቀኝ። ከታች የፖቶማክ ወንዝ ይጮኻል፣ ከፊት ሌላ ቋጥኝ አለ። ልጁ ፊቱ ሲገረጣ ሳይ ለእሱ አዘንኩ። ሌላው ሁሉ ወደፊት ሲያልፍ እኛ ወደኋላ ተመለስን፤ እኔ በመቀመጫዬ እየተንፏቀቅሁ፣ አንዲት የማላውቃት ሴት ክርኔን ይዛ። አሥር ደቂቃ የሄድነውን በአርባ ደቂቃ ተመለስነው።

የሚያንገበግበው ግን የምፈልገው መንገድ መኪናችንን ካቆምንበት አጠገብ መኖሩ ነው። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ 184.5 ማይል የሚሄደው የቦይ ዳር መንገድ የበቅሎ መንገድ ነበር። ቦዩ በ1828 ተጀምሮ በ1850 ከምበርላንድ ደረሰ፤ ጀልባውን የምትጎትተው በዳሩ የምትሄድ በቅሎ ናት። በገመድ ጀልባ ለምትስብ በቅሎ ዳገት አይሆንምና መሬቱን ደለደሉላት። ከፍታው ጀልባውን ከፍና ዝቅ በሚያደርጉ 74 የውኃ በሮች ላይ ተከፋፍሏል፤ በበሩ አጠገብ አጭር ዳገት ትወጣለህ፣ ከዚያ እስከሚቀጥለው በር ለጥ ያለ ነው። ጆርጅታውን አካባቢ የእኔ ባለ ሦስት እግር ብስክሌትም ይሄድበታል፤ ዝናብ በዘነበ ማግስት ግን ጭቃው ጎማ ይይዛል፣ እኔንም ይዞኛል።

ይህን የቦይ ዳር ሁሉ የመኪና መንገድ ሊያደርጉት አስበው ነበር። በ1954 ዳኛ ዊሊያም ዳግላስ ሰዎች አስከትለው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእግር ሄዱበትና ሐሳቡ ተሻረ፤ በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። በመኪና እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ፣ ግን እኚህን ዳኛ ከልቤ አመሰግናቸዋለሁ።

በኋላ ፏፏቴውንም አየሁት። ወደ ኦልምስቴድ ደሴት የሚያሻግር የእንጨት መተላለፊያ አለ፤ ተሽከርካሪ ወንበር ይሄድበታል። ጫፉ ላይ አንድ አዛውንት ከወንበራቸው ሳይነሱ ክንዳቸውን አጥሩ ላይ ጥለው ውኃውን ያዩ ነበር። አጠገባቸው ቆምኩ። ያ ነጭ ውኃ የዚያን ዕለት ከዐለቱ ላይ ስሰማው የነበረው ነው።

ስለ አንድ መንገድ «ቀላል» ተብሎ ሲጻፍ ለማን ቀላል እንደሆነ ይጻፍ እላለሁ። ርዝመቱ አይበቃኝም፤ እግሬ ምን ላይ እንደሚያርፍ፣ የት እንደምቀመጥ፣ ስመለስ ዳገቱ በየት በኩል እንደሚጠብቀኝ ልወቅ።

አሁን ልጁ አዲስ ቦታ ሲያገኝ ቀድሞ ብቻውን ይሄድና ይደውልልኛል። «ጋሼ፣ ከመኪናው እስከ መጀመሪያው አግዳሚ ሦስት መቶ ሃያ እርምጃ ነው። ጥላ አለው። ደረጃ የለውም፤ ሁለቴ ሄጄ አይቼዋለሁ።»