የ60 ብር ሽርሽር

ልጆቼ የሽርሽር አምሮት የሚነሳባቸው ደመወዝ ከወጣ በ20ኛው ቀን ነው። ብሩ ኪሴ ውስጥ እያለ ማንም ትዝ አይለውም፤ ሁሉም አጎንብሶ የቤት ሥራውን ይሠራል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ገናና ጥምቀት ተከታትለው ኪሴን አራግፈው በሄዱ ማግስት ነበር የተነሳባቸው።

ያን ዓመት ግን እግዜር የላከልኝ ነገር ነበር፦ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር። ገና ሥራ መጀመሩ ነበር። ታሪፉም ያኔ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ 6 ብር! ለአምስት ሰው ደርሶ መልስ 60 ብር። የት እንሂድ ብሎ መጨነቅ ቀረ፤ ባቡሩ ራሱ ሽርሽር ነው። እዚያ ደርሶ ወርዶ፣ ተንፈስ ብሎ፣ ተሳፍሮ መመለስ።

ባለቤቴ ሐሳቡን በጥርጣሬ ሰማችው። አልፈርድባትም። ከዚያ በፊት የወሰድኳቸው ብሔራዊ ሙዚየም ነበር። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ እንደተገኘች፣ ዕድሜዋም 3.2 ሚሊዮን ዓመት እንደሚሆን በኩራት ሳስረዳ (ማታ አንብቤ ነው የሄድኩት)፣ ትንሹ ልጄ አጥንቶቿን ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና፣ «እሷንም አባቷ ሽርሽር ወስዷት ነው?» አለኝ። ከቁርስ ወዲህ እህል አልቀመሰም ነበር።

ስለዚህ ስንቅ ተያዘ። ፍርፍር በምሳ ዕቃ፣ አሥር ቅቅል እንቁላል፣ ሁለት ሃይላንድ ውሃ። አያት ላይ ተሳፈርን። ሲኤምሲን አልፈን ጉርድ ሾላ ስንደርስ መተንፈሻ ጠፋ፤ አንዱ ጎረምሳ ዘንቢሉ ላይ ተደገፈ፤ እንቁላሉ ተፈረካከሰ። ሽታው ከእኛ ቀድሞ መገናኛ ደረሰ። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ጥፋተኛውን መፈለግ ሲጀምር የ12 ዓመት ልጄ ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ በመስኮት ማየት ጀመረች። እስክንወርድ ድረስ አላወቀችንም። ትንሹ ግን ስታዲየም አካባቢ ሐዲዱ ድልድይ ላይ ሲወጣ ቁልቁል መኪኖቹን አይቶ፣ «አውሮፕላን ውስጥ ነን!» ብሎ ጮኸ። በ6 ብር ባቡርም አውሮፕላንም! የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት አትጠይቁኝ።

ጦር ኃይሎች ወርደን እንቁላሉን እንደነገሩ ላጥ ላጥ አድርገን በላን። ፍርፍሩ ሊከፈት ሲል ከኋላዬ ስሜን የሚጠራ ሰው ሰማሁ። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ፣ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር። ምሳ ዕቃው ወደ ዘንቢሉ ተመለሰ። ተሳሳምን። አፌም እኔን ሳያማክር፣ «በሞቴ፣ ሻይ ሳንጠጣማ አንለያይም!» አለ።

ይህ ቃል ሥርዓት አለው። ጋባዡ በሞቴ ይላል፤ ተጋባዡ «ኧረ እንቸኩላለን» ይላል፤ ጋባዡ ይደግማል፤ ተጋባዡ «ሌላ ቀን፣ አፈር ስሆን» ብሎ ይምላል፤ ሁለቱም ተከባብረው ይለያያሉ፤ ሻይ የሚጠጣ የለም። አባቶቻችን የደሀን ነገር አስበው የሠሩት ሥርዓት ይመስለኛል። ወዳጄ ግን «እንግዲህ ከማልክ ምን ይደረጋል» ብሎ ቤተሰቡን አስከትሎ ወደ አንድ ኬክ ቤት ገባ።

አሥራ አንድ ሆነን ተቀመጥን። ልጆቼ ቤት ውስጥ «ኬክ የሚባል ነገር እንዳትጠይቁ» ተብለው የወጡ ናቸው፤ የእንግዶቹ ልጆች ሲያዙ ግን ዓይኔን ዓይኔን አዩኝ። ምን ልበል? ትንሹ ሁለት በላ። ማኪያቶውም ተደገመ።

የከፋው ሒሳቡ ሲመጣ የሆነው ነው። 284 ብር። ወዳጄ፣ እውነቱን ልናገርለት፣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። እግዚአብሔር ይስጠው ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ተነስቼ እጁን ያዝኩ፤ «ታስቀይመኛለህ!» አልኩ። እሱም እንዳልቀየም ብሎ ተወው። ኪሴ ውስጥ ያለው 200 ብር ነበር። በትራንስፖርት ያዳንኩትን ሁሉ ይሉኝታ የሚባል አበዳሪ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ኖሯል።

ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና 120 ብር ጠረጴዛው ሥር አቀበለችኝ። እዚያ ነጠላ ውስጥ ስንት ዓመት ስንት ብር ተቋጥሮ እንደኖረ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። ሒሳቡን ከፍለን፣ መመለሻችንን 30 ብር ቆርጠን፣ 6 ብር ተረፈን። ፍርፍሩ ክዳኑ ሳይከፈት ደርሶ መልስ ተሳፍሮ ማታ ቤት ተበላ።

ከዚያ ወዲህ ሽርሽር ስንወጣ ብሩን የምትይዘው ትልቋ ልጄ ናት። እሷ በሞቴ አትልም።