ልጅን ከፊደል ማጣያ መንገድ

ልጅን ገና በአምስት ዓመቷ ከፊደል ጋር ማጣላት ብዙ ድካም አይጠይቅም። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በመዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር እኔው ሄጄበታለሁ። አንድ በአንድ የምነግራችሁ ማንም እንዳይደግመው ነው።

ከጥራጊው ጀምሩ። በግቢው ጥግ የተከማቸውን የድልህ ቆርቆሮ፣ ቆርኪና ቅጠል «ቆሻሻ ነው» ብላችሁ አስጠርጉ። ልጆቹ ቅጠሉን እንጀራ፣ ጭቃውን ወጥ፣ ቆርኪውን ሲኒ ብለው ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱበት እንደነበር አትጠይቁ። የሚጠፋው ግን ቆርቆሮ ብቻ አይደለም። ቅጠሉ እንጀራ ነው ብላ የተስማማች ልጅ፣ አንድ ነገር ሌላውን ወክሎ መቆም እንደሚችል ገብቷታል። ፊደልም ይኸው ነው። «ቡ» የምንላት ቅርጽ ከድምፁ ጋር ምንም አትመሳሰልም፤ ስለተስማማን ብቻ ትወክለዋለች። ሩሲያዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባስተማረው ትምህርት፣ ዱላ እየጋለበ ፈረስ ነው የሚል ልጅን ምሳሌ አድርጓል። ያ ልጅ በእኛም ሰፈር አለ፤ ሸንበቆውን በእግሮቹ መሃል አድርጎ አቧራ ሲያስነሳ ስንት ጊዜ ተቆጥተነዋል።

ቀጥሎ የዱቤ ደብተሩን ቀሙ። ይህ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ዘርዘር ላድርገው። ልጆቹ በሁለት ወንበሮች ላይ ጣውላ አጋድመው ሱቅ ከፍተዋል። ባለሱቋ አንዲት ዝምተኛ ልጅ ናት። ደንበኛዋ ፎጣ እንደ ነጠላ ተከናንባ መጣች።

«ሩብ ኪሎ ስኳር ስጪኝ የኔ ልጅ። ብር ግን አልያዝኩም።»

ባለሱቋ አሸዋውን በቆርቆሮ ሰፍራ በወረቀት ጠቀለለችና ደብተር አወጣች። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ የተጠማዘዘ መስመር ሠራች፤ ከሥሩ ሌላ ደገመች። አንድም ፊደል የለበትም። በማግስቱ ያንኑ ገጽ ገልጣ ጣቷን በመስመሩ ላይ እያስኬደች አነበበች። «እማማ፣ ትናንት ስኳር ወስደዋል። አልከፈሉም።»

እኔ ያየሁት የተበላሸ ደብተር ነው። ቀማኋትና በሌላ ንጹሕ ገጽ ላይ «ሀ»ን እስከ ታች አስጻፍኳት። ያቺ ልጅ ጽሑፍ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚሄድ፣ መስመር ሲያልቅ ወደ ታች እንደሚወረድ፣ ከሁሉም በላይ ዛሬ የተጻፈ ነገር ነገ እንደሚናገር ታውቅ ነበር። ፊደል የምትፈልግበት ምክንያት ነበራት፤ የቀማኋት ምክንያቷን ነው። ሱቁ በሳምንቱ ተዘጋ። እሷም እርሳስ በሰጠኋት ቁጥር «ገጹን ከሞላሁ እወጣለሁ?» ማለት ጀመረች። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

በጨዋታ መሃል ገብታችሁ ፈትኑ። በሽተኛው ተኝቶ ሲያቃስት፣ ሐኪሙ መርፌ ሲያዘጋጅ «እስቲ ይህቺ ማን ናት?» ብላችሁ ፊደል ጠቁሙ። ሐኪሙም በሽተኛውም ወዲያው ተማሪ ይሆናሉ፤ ጨዋታው አለቀ። መግባት ካማራችሁ ታማችሁ ግቡ። «ዶክተር፣ እንዳልረሳው መድኃኒቱን በወረቀት ይጻፉልኝ» በሉት። እርሳስ ፍለጋ ራሱ ይሮጣል።

ስህተት በቀይ እስክሪብቶ ሰርዙ። ልጁ ለቡና ቤቱ ታፔላ ብሎ በካርቶን ላይ «በና» ይጽፋል። መሰረዙ አንድ ሰከንድ አይፈጅም። ልጁ ግን ቃሉን በጆሮው ለሁለት ከፍሎ ለእያንዳንዱ ክፋይ አንድ ፊደል ሰጥቷል። 33ቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ሆነው 231 ቅርጽ በሚሆኑበት ገበታ ፊት ለቆመ ሕፃን ይህ ትልቅ ሥራ ነው። አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ «ቡ... ና» እያላችሁ ሌላ ካርቶን ላይ ብትጽፉለት፣ በ«ቡ» ቀኝ ወገብ ላይ ያለችውን ጭረት ራሱ ያገኛታል። ሀሁን በዜማ መቁጠር ይቅር አልልም፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። የምለው ዜማው ጨዋታውን አይብላው ነው።

ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። ማታ ደብተሩን ገልጣችሁ ባዶ ካገኛችሁት «ለጨዋታ አይደለም የምከፍለው» ብላችሁ ኑ። መምህሯ በማግስቱ ሱቁን ታፈርሰዋለች። እኔም ያፈረስኩት እንዲህ ያለ ቃል ፈርቼ ነበር።

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ሱዛን ኒውማንና ካትሊን ሮስኮስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ በመዋዕለ ሕፃናት መጫወቻ ጥጎች ውስጥ ወረቀት፣ እርሳስና መሰል ነገሮችን ሲጨምሩ፣ ልጆቹ በጨዋታቸው ውስጥ ማንበብና መጻፍን አዘውትረው ማስገባት ጀመሩ። ወጪው ትንሽ ነው። እኔም በክፍሌ ሱቁን መልሼ ስከፍት የጨመርኩት አንድ አሮጌ ደብተር ነው፤ እርሳሱን በሲባጎ አስሬ አንጠለጠልኩበት። ባለፈው ሳምንት አዲሱ ባለሱቅ ቀሚሴን ጎትቶ ገጹን አሳየኝ። ከተጠማዘዙት መስመሮች መሃል አንዲት «ሻ» ዘንበል ብላ ቆማለች።

«ሚስ፣ ሁለት ሻይ አለብሽ።»