ዛፍ ካርታ የለውማ!

ከሸዋ ሮቢት ነኝ ባልኩ ቁጥር ሰው ሁሉ ዓይኑን አጥብቦ «መቼ ተፈታህ?» ይለኛል። ማረሚያ ቤቱ ከከተማዋ ይልቅ ስሙ ገናና ነው። ድሮ ይህ ነገር ያበግነኝ ነበር። አሁን ግን «እኔስ ታስሬም አላውቅ፤ የተፈረደባቸው ዛፎቹ ናቸው» እላለሁ። እዚህ አገር ዘንድሮ ሞት የሚፈረደው በዋርካ ላይ ነው።

ልማት ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። አስፋልቱን እወደዋለሁ። መብራት የዋለ ቀን ቀዝቃዛ ውሃ እጠጣለሁ፤ ይህንንም የምጽፈው ቬንትሌተር ፊት ለፊት ተጎልቼ ነው። የኔ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ከተማችን የምታድገው ደጋ ያለች መስሏት ነው።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆና በብርድ ትንዘፈዘፋለች። እኛ 1,300 ሜትርም በቅጡ አንሞላ። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 225 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ መንገደኛ፣ ጣሊያን የፈለፈለውን የጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሸምቶ ቁልቁል ሲወርድ መጀመሪያ ጋቢውን ያወልቃል፤ ቀጥሎ ሹራቡን፤ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ደግሞ ትዕግሥቱን። ኢንጂነሩም እንዲሁ ነው። ካፖርቱን ደብረ ሲና ላይ ያወልቃል፤ ፕላኑን ግን እንደለበሰው ይወርዳል።

ከዚያማ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ከላይ እስከ ታች መስታወት የለበሰ ፎቅ ይቆማል። የከሰዓቱን ፀሐይ እንዳለ ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ መውጫ ግን አያሳየውም። መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩም አብሮ ይጠፋል። የህንፃውን ባለቤት ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ለጉዳይ ብትፈልጉት ቢሮው ውስጥ አታገኙትም። ከጀርባ በኩል ጥላው ውስጥ በርጩማ ስቦ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ሚሊዮን ያፈሰሰው ለጥላው ከሆነ ሸራ ወጥሮ ቢገላገል አይሻለውም ነበር? ፎቅ መሥራት ያልቻልነው ደግሞ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ነን፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ በቀን እዚያ ሥር ጋደም ያለ ሰው ምጣድ ላይ እንደ እንጀራ ይበስላል።

የእኛዋ የይፋት የቀደሙት ሰዎች እንዲህ ሞኞች አልነበሩም። የደማስቆ ተወላጁ አል ዑመሪ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከጠቀሳቸው የእስላም መንግሥታት አንዱ ይፋት ነው። ያኔ የይፋት ገዢዎች የነበሩት የወላስማ ሱልጣኖች ሰዎች ከሜዳው ወባና ሙቀት ከፍ ብለው፣ በተራራው አፍንጫ ላይ፣ በድንጋይ ከተማ ይሠሩ ነበር። የፈረንሳይ የታሪክና የአርኪዎሎጂ ባለሙያዎች መጥተው ያጠኑት የኖራና የአስባሪ ከተሞች ፍርስራሽ፣ መስጊዱም ግድግዳውም፣ ዛሬ ድረስ ይታያል። ከከሚሴ ወዲያ ያለችውን የአርጎባዎች ሾንኬ ሄዳችሁ እዩ፤ ቤቱ የድንጋይ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ጣሪያው አፈር የተደለደለበት ነው። ሐሩሩ ውጭ ይቀራል። እኛ ግን «ዘመናዊ እንሁን» ብለን ብሎኬት በአንድ ረድፍ ደርድረን፣ በላዩ ቆርቆሮ ከድነን፣ እርስ በርስ እየተያየን በላብ እንጠመቃለን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼ ነው።

ወደ ዛፉ ልመለስ። በሰፈራችን አንድ ዋርካ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሜትርና ቀይ ቀለም የያዘ ልጅ እግር መጣና ግንዱ ላይ ምልክት አደረገበት።

«ልጄ፣ ይህ ዛፍ ምን አጠፋ?» አልኩት።

«አባባ፣ መንገድ ውስጥ ገብቷል።»

«መንገዱ ነው እንጂ ወደ እሱ የመጣው! እሱ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

«ካርታ አለው?»

«ዛፍ ካርታ የለውማ!»

«እንግዲያው ሕገ ወጥ ይዞታ ነው» ብሎኝ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በማግስቱ መጋዙ ሲመጣ ግን የሳቀ አልነበረም።

የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ከወጣ ወዲህ የከተማ መሬት በካሬ ሜትር ተለክቶ በጨረታ ይተላለፋል። ጥላ ግን በካሬ አይለካም፤ ጠዋት አንዱ ጋ፣ ማታ ሌላው ጋ ነው። ስለዚህ ማንም ተጫርቶ አይገዛውም፤ ማንም አልገዛውምና ማንም አይከራከርለትም።

ከዋርካው ጋር ምን እንደሄደ ታውቃላችሁ? ሽምግልናው። በቅርቡ በመስኖ ውሃ ተራ የተጣሉ ሁለት የሽንኩርት ገበሬዎችን ልናስታርቅ ብንል መቀመጫ ጥላ አጣንና ካፌ ገባን። ከሳሽ ቃሉን መስጠት ሲጀምር አስተናጋጇ ከአናቱ ቆማ «ምን ልታዘዝ?» አለችው። ተከሳሽ እጁን አንስቶ ሊምል ሲል ሙዚቃው ጮኸና ምን እንደማለ ሳንሰማ ቀረን። ደጅ ያለው ባጃጅም ጡሩንባውን ነፍቶ መሐላውን አጸደቀለት። እንደምንም ዕርቁ ወረደ፤ ከዚያ «ሒሳቡን ማን ይክፈል?» በሚለው ሁለቱም እንደገና ተጣሉ። ዋርካው ሥር ማኪያቶ አልነበረም፤ ሒሳብም አልነበረም።

አሁን ደግሞ ኮሪደር ልማት የሚሉት መጥቷል። በ2016 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ በየክልሉ ከተማ እየተዛመተ ነው። የእግረኛ መንገዱ ሲሰፋ ደስ ይላል፤ እግር አለኝና። ነገር ግን የሚተከለው ምንድን ነው? ዘንባባ! ዘንባባ የሚያጠላው ለገዛ ግንዱ ብቻ ነው። እሱ ሥር የሚቀመጥ ሰው ከግንዱ ቀጥኖ፣ ፀሐይዋ በዞረች ቁጥር አብሮ መዞር አለበት። ብርድ የጠናበት የአዲስ አበባ ሰው ፀሐይ ቢሞቅ እሰየው፤ ለእኛ ግን ፀሐይ ምን ብርቅ ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ታውጆ ነበር። ቁጥሩን የማጣራው እኔ አይደለሁም። ግን ወዳጆቼ፣ ከዚያ ሁሉ አንዲቷን ሱቅ በር ላይ ብታደርጉልን ምን ይጎዳችኋል? ተራራው ላይ የምትተክሉት አፈር ይጠብቃል፤ ይሁን፣ ደግ ነው። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሽማግሌ ግን ተራራ ወጥቶ አያርፍም።

የልጅ ልጄ በስልኩ አንድ ነገር አሳየኝ። ኮሎምቢያ ውስጥ ሜደሊን የምትባል ከተማ አለች። እሷም ኮሪደር ሠርታለች፤ ግን መንገዱንና የወንዙን ዳር በዛፍ ሞልታ 30 አረንጓዴ ኮሪደር አበጀች፤ ሙቀቱ በ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቀነሰላት ይላሉ። «አባባ፣ ይኼ የሰለጠነ አስተሳሰብ ነው» አለኝ። የተቆረጠው ዋርካችን ስንት ዲግሪ ይቀንስ እንደነበር የለካለት ሰው ጠፍቶ ነው እንጂ!

ኮሎምቢያ ድረስስ ምን አስኬደን? ድሬዳዋ አለች። ከፍታዋም ሐሩሯም የእኛ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር ስትቆረቆር ከዚራ የሚባለውን ሰፈሯን በዛፍ ሞሉት፤ ያ ጥላ እስከ ዛሬ ስም ሆኗታል። የድሬ ባቡር ከነጥላው መጣ ማለት ነው። በእኛ ቆላ የሚያልፈው የአዋሽ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐራ ገበያ መስመር ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ተጀምሮ ስንት ተስፋ ተጣለበት፤ ሐዲዱ ተዘረጋ፣ የባቡሩ መደበኛ አገልግሎት ግን እንደናፈቀን አለ። ላም አለኝ በሰማይ! ቢመጣም ተሳፋሪው ወርዶ የሚያርፍበት ጥላ ከአሁኑ ካልተተከለ ባቡሩ ውስጥ መቅረትን ይመርጣል።

«እነዚህ ሽማግሌዎች ማማረር እንጂ መላ የላቸውም» እንዳትሉ፣ መላውን ልንገራችሁ። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ክፍል ፕላን ሲያጸድቅ ሦስት ነገር ይጠይቅ። መስኮቱ ወደየት ይዞራል? መንገደኛ የሚጠለልበት በረንዳ አለው ወይ? በሩ ላይ ሁለት ዛፍ ይተክላል ወይ? ሦስቱንም ያላሟላ ደጋ ሄዶ ይሥራ። ነባሩን ዛፍ መቁረጥ የፈለገ ደግሞ አስቀድሞ በሐምሳ ዓመት የሚደርስ ምትክ አሳድጎ ያሳየን፤ እንጠብቀዋለን።

ለእናንተ ቤት ለምትሠሩት፦ ዘንባባውን ተዉት። ግራር፣ ኒም፣ ማንጎ ትከሉ፤ ማንጎው ቢያንስ ይበላል። የዘንድሮው ክረምት ሳያልፍ ትከሉት፤ መሠረቱን ከመቆፈራችሁ በፊት። ሊቆርጡት ከመጡ ደግሞ ጥሩኝ፤ ሥሩ እቀመጣለሁ። እኔ ካርታ አለኝ።